ረቂቄን ማን ያንብብልኝ?

አራት ኪሎ አካባቢ የሰው ረቂቅ እያረምኩ ነው እንጀራዬን የምበላው። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ከሆነ ጀማሪ ጸሐፊዎች የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አፌን የፈታሁት በሲዳሙ አፎ ነው። ልብ ወለዴን ግን በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። ያሳየሁት ሰው «አማርኛሽ ገጠር ገጠር ይላል» አለኝ። ልተወው?

መልስ፦ ሰውየውን ተዪው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርም አድዋ አጠገብ ተወልዶ፣ አፉን በትግርኛ ፈትቶ ነው በአማርኛ የጻፈው። ደህና አንባቢ የትኛው ገጽ ላይ እንደተደናቀፈ ያሳይሻል እንጂ እንዲህ አይልም።

የላክሽልኝን ምዕራፍ አነበብኩት። ችግሩ ሌላ ነው። አያትየው በበዓሉ ዋዜማ ለልጅ ልጃቸው «ፊቼ ጨምበላላ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው» እያሉ ያስረዳሉ። ኧረ በፈጠረሽ! ልጅቷ እዚያው ቤት አይደል ያደገችው? ይሄ ማብራሪያ ለእኔ ለአዲስ አበባው ሰው የተጻፈ ነው። እኔን እርሺኝ። ቤተሰቡ ተሰብስቧል፣ በቅቤ የራሰው የቆጮ ቡርሳሜ ቀርቧል፤ ዘንድሮ ቅቤው ለምን አነሰ ብለው ይጨቃጨቁ። በዓሉ ከጭቅጭቁ ውስጥ ይገባኛል። ብዙ አማካሪ «ማብራሪያ ጨምሪ» ይልሻል፤ እኔ ግማሹን አውጪ ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ በራሴው ቋንቋ ብጽፍ እዚህ ማን ያርምልኛል?

መልስ፦ ሁለት ሰው ያስፈልግሃል። አንዱ ቋንቋህን ባይችልም የታሪክ አወቃቀር የገባው ይሁን። ምዕራፉን በአማርኛ ተርክለት፤ የት ላይ እንደሰለቸው ፊቱ ይነግርሃል። ሌላው ቋንቋህን በጽሑፍ ጭምር የሚያውቅ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ብዙ ቋንቋዎች ክፍል ውስጥ ገብተዋል፤ ስለዚህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መምህር ፈልግ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢም የአገርህን ልጅ አታጣም።

ጥያቄ፦ ረቂቄን ሰጥቼው ቢሰርቀኝስ?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የራስህ ወጥ ሥራ ከሆነ፣ ወረቀት ላይ ካሰፈርከው ጊዜ ጀምሮ ይጠበቅልሃል። ባታሳትመውም፣ ባታስመዘግበውም። ሐሳብ ብቻውን ግን ጥበቃ የለውም። በኢሜይል ላክ፤ ቀኑ ማስረጃ ይሆንሃል።

ጥያቄ፦ ያረመልኝ ሰው «ስሜ በደራሲነት ይግባ» አለ።

መልስ፦ አይገባም። ምስጋና ገጹ ላይ አስገቢው። ክፍያም ካለ ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ፤ ነገር የሚበላሸው በይሉኝታ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ ከተማ የማውቀው ሰው የለም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የመጽሐፍ ውይይት ሲኖር ሂጂ። የደራስያን ማኅበርንም ጠይቂ፤ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ለመጻፊያ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለልሽ። ታዋቂው ደራሲ ከመድረክ ሲወርድ አብረሽ አትክበቢው፣ እሱን የሚከበው ሞልቷል። ከታዳሚው መሃል ጥሩ ጥያቄ የጠየቀውን ሰው ያዢ። ሙሉ ልብ ወለድ አታሸክሚው፤ ሦስት ገጽ ስጪውና «የቱ ጋ ማንበብ አስጠላህ?» በዪው።