ጠባብ የልብ ደም ሥር፦ ስቴንት ለምን አልገባም?

ጥያቄ፦ ጀርመን የሚኖሩት አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ሲራመዱ ደረታቸውን ጭምድድ እያደረገ ሲያስቸግራቸው ተመረመሩና 2.25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የልብ ደም ሥራቸው ጠቦ ተገኘ። ሐኪሞቹ መድኃኒት በተቀባ ፊኛ ከፍተው ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ የብረት መረብ ቱቦ) ሳያስገቡላቸው ወደ ቤት ላኳቸው። ሕክምናው በእንጥልጥል ቀረ ማለት ነው? እኔ ባለሁበት አሜሪካ የማውቃቸው ታካሚዎች ሁሉ ስቴንት ነው የገባላቸው። (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ በእንጥልጥል አልቀረም። ስቴንት ሲገባ ሰውነት ብረቱን ጠባሳ ያለብሰዋል፤ የጠባሳው ውፍረት ደግሞ ደም ሥሩ ሰፋ ጠበበ ብሎ ብዙም አይለያይም። ዙሪያውን 0.2 ሚሊ ሜትር ቢያለብሰው፣ 3.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደም ሥር ላይ መተላለፊያውን 22 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ ከአባትዎ 2.25 ላይ ግን 32 በመቶ። ፊኛው ጠባሳ እንዳይበዛ የሚከላከለውን መድኃኒት አድርሶ ይወጣል፤ ብረት አይተውም።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ደም ሥሩን የሚከፍተው መድኃኒት የተቀባው ፊኛ ሳይሆን ከሱ በፊት የሚገባው ተራ ፊኛ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥበት ከ30 በመቶ ካልበለጠና ደሙ ሳይገታ ከፈሰሰ መድኃኒቱ ይከተላል። ፊኛ ሲነፋ የደም ሥሩ የውስጥ ገጽ መሰንጠቁ የተለመደ ነው፤ ትንሽ ስንጥቅ በራሱ ይድናል። ደም የሚገታ ስንጥቅ ከሆነ ግን ስቴንት የግድ ነው። ካልሲየም የጋገረበት ግድግዳም መድኃኒቱን አያስገባም፤ አስቀድሞ መሰባበር አለበት።

ቅቡ ብዙውን ጊዜ ፓክሊታክሴል ነው፤ በካሬ ሚሊ ሜትር 3 ማይክሮ ግራም ገደማ። በእጅ አይነካም፣ ፈሳሽ ውስጥ አይነከርም። ደም ውስጥ ከዘገየ ስለሚታጠብ፣ ከገባ በ2 ደቂቃ ውስጥ ቦታው ደርሶ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይነፋል፤ ያውም አንዴ ብቻ። ተራው ፊኛ ከነካው ቦታ በሁለቱም ጫፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ማለፍ አለበት፤ ተራው ፊኛ አቁስሎት መድኃኒት ያልደረሰው ጫፍ መልሶ ይጠባልና።

ከስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ የተመራውና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ደም ሥር ያላቸውን 758 ታካሚዎች አነጻጽሯል። በዓመቱ በልብ ሕመም የሞቱት፣ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ጥቃት የደረሰባቸውና ድጋሚ የተከፈተላቸው በድምሩ በፊኛ 7.5፣ በስቴንት 7.3 በመቶ ነበሩ። ልብ ይበሉ፤ ጥናቱ የገቡት ዝግጅቱ የተሳካላቸው ብቻ ናቸው። በሁሉም የደም ሥር ስፋት ላይ በቻይና የተደረገውና በ2024 የወጣው ጥናት ግን ስቴንትን የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል (በሁለት ዓመት ችግር የገጠማቸው በስቴንት 3.4፣ በፊኛ 6.4 በመቶ)። ስለዚህ ፊኛን ለሰፊ ደም ሥር በስቴንት ምትክ መጠየቅ አይገባም። አሜሪካም በ2024 ለልብ ደም ሥር ፊኛውን ስትፈቅድ፣ ፈቃዱ በገባ ስቴንት ውስጥ ለተመለሰ ጥበት ነበር።

ጥያቄ፦ ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉትን አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ለ4 ሳምንት ብቻ አሏቸው። አልበዛም አላነሰም?

መልስ፦ ድንገተኛ የልብ ጥቃት ሳይኖር ፊኛ ብቻ ለተደረገለት 4 ሳምንት ትክክል ነው፤ ደም ሊረጋበት የሚችል ብረት የለም። ጥቃት ደርሶባቸው ቢሆን 12 ወር ይባሉ ነበር። ከ4 ሳምንት በኋላ የሚቆመው ክሎፒዶግሬል ነው፤ አስፕሪኑ ይቀጥላል። ጥርስ ለማስነቀል እንኳ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አያቋርጡ። ጭምድዱ ሲራመዱ ከተመለሰ ቀጠሮ ያስይዙ፤ ተቀምጠው እያሉ መጥቶ አልለቅ ካለ አምቡላንስ ይጥሩ።