ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ ወደዚያው የሚመለስ የሩጫ መንገድ

ከጅቡቲ ለሁለት ቀን መጥተህ ለገሃር አካባቢ የምታርፍ ከሆነና በአንድ ጠዋት እየሮጥክ አዲስ አበባን ማየት ከፈለግህ፣ ይህን ዙር ያዝ። ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

1. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከመስቀል አደባባይ ተነስ። በዚያ ሰዓት በደረጃዎቹ ላይ ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰ የሚሮጥ ሰው አታጣም።

2. በለገሃር በኩል ወደ ቸርችል ጎዳና ግባ። ከአንተ ከተማ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. የደረሰው እዚህ ነው። ዳገቱን ስትወጣ ትግላችን ሐውልትን፣ ከዚያም ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖልን መድፍ አምሳል ታያለህ።

3. ጫፍ ላይ ማዘጋጃ ቤቱን አልፈህ ጊዮርጊስ፤ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ እንዳሉ ይጠብቁሃል። የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው ነው።

4. በፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ተሻገር፤ የሚያዝያ 27 ሐውልት አደባባዩ መሐል አለ። ከዚያ በኋላ በቤተ መንግሥቱና በአፍሪካ አዳራሽ በኩል እስከ መስቀል አደባባይ ቁልቁል ነው። በቤተ መንግሥቱ አጥር አጠገብ ግን ስልክህን ከኪስህ አታውጣ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ከድሬዳዋ የመጣ የአክስቴን ልጅ በዚሁ መንገድ ወስጄው ነበር። ቸርችልን እንደለመደው ፍጥነት ጀመረው፤ መድፉ ጋ ስንደርስ ጉልበቱን ይዞ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አንተ ደግሞ የምትመጣው ከባሕሩ ዳር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን በእግር ተንሸራሸር፣ ሩጫውን ለሁለተኛው ጠዋት አቆየው፤ ዳገቱንም ማውራት በምትችልበት ፍጥነት ውጣ።