«ጾመዋል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ

በልብ ምስል ሥራ ለምትሰማሩ ልጆቼ፣

ፔት ስካን (የተወጋ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ የት እንደተከማቸ የሚያሳይ ምርመራ) ላይ ልብ ስላበራ «ተቆጥቷል»፣ ማለትም ኢንፍላሜሽን አለበት፣ ለማለት አትቸኩሉ። ምስሉ የሚያሳየው የስኳር ፍጆታን እንጂ የመከላከያ ሴሎችን አይደለም። የምንወጋው ኤፍዲጂ ጨረር አመንጪው ፍሎሪን-18 የተያያዘበት የግሉኮስ አምሳያ ነው፤ ማክሮፋጆች የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ሲቆጡ ስኳር አብዝተው ስለሚስቡ ያበራሉ። ጤነኛው የልብ ጡንቻም ግን ስኳር ይስባል። ሁለቱን የምንለየው በዋዜማው በተበላው ምግብ ነው።

ዘዴው ልብ ስኳሩን ትቶ ስብ እንዲያቃጥል ማድረግ ነው። በዋዜማው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ስብ የበዛበት፣ እህልና ስኳር የሌለበት ምግብ ይበላል፤ ከዚያ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አይቀመስም። ይህ ለማይሆንለት ሰው ሌላው መንገድ ከ18 ሰዓት በላይ ምንም አለመብላት ነው።

ዋሽንግተንም ሆነ አዲስ አበባ፣ በሁዳዴ የመጣን ታካሚ «ጾመዋል?» ብትሉት «አዎ» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ማታ የበላው ግን ሽሮ በእንጀራ ነው፤ ዝግጅቱን የሚያበላሸውም ይኸው እንጀራ ነው። ስለዚህ «ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የቀመሱትን ሁሉ ይንገሩኝ» በሉና ጻፉት። ስኳር ያለው ሻይ፣ ማስቲካ፣ የሳል ሽሮፕ፣ ተኝቶ ለሚታከም ደግሞ በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ አይለፋችሁ። ኢንሱሊንም ስኳሩን ወደ ልብ ጡንቻ ስለሚያስገባ የስኳር ሕመምተኛው ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለበት።

መርፌው ከተወጋ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ጠብቃችሁ ስታነሱ የግራው ልብ ጡንቻ ዙሪያውን እኩል ካበራ፣ መጀመሪያ ዝግጅቱን ጠርጥሩ። የጎኑ ግድግዳ ብቻ አብርቶ የደም ፍሰት ምስሉም ኤምአርአዩም ንጹሕ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሕመም አይደለም። እዚህም እዚያም ተነጣጥሎ ማብራቱ፣ በተለይ የደም ፍሰቱ በጎደለበት ቦታ ላይ ሲያርፍ፣ ሳርኮይዶሲስን (የመከላከያ ሴሎች በልብና በሌሎች አካላት ውስጥ እየተከማቹ የሚያስቆጡበትን ሕመም) ያሳስባል።

በኤፍዲጂ ፈንታ የሚወጋው፣ በጋሊየም-68 የሚሠራው ዶታቴት ማክሮፋጆች ላይ ያለውን ሶማቶስታቲን የተባለ ሆርሞን መቀበያ ስለሚይዝና ጤነኛው ጡንቻ እምብዛም ስለማይስበው የምግቡን ጣጣ ያቀልላል። የልብ ደም ሥሮች ግን ስፋታቸው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፔት ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ ነገርም ከዚያ አያንስም፤ ልቡ ደግሞ ይመታል፣ ደረቱም ይተነፍሳል። እዚያ የምታዩትን ትንሽ ብርሃን በጥንቃቄ አንብቡ።

ዝግጅቱ ከከሸፈ ሪፖርቱ ላይ «አልተሳካም፣ ይደገም» ብላችሁ ጻፉ፤ በእናንተ ድፍረት የተነሳ ሰው ለወራት ያለ በሽታው ቁጣን የሚያበርደውን ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎንን፣ እንዳይውጥ። ለሚቀጥለው ቀጠሮም በዋዜማው ራሳችሁ ደውሉና እራቱ ምን እንደሆነ ጠይቁ።