ቁጣውን ማን አመጣላችሁ?

ልጆቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ስቶክሆልም፣ አንዳንዶቻችሁ ሪያድ፣ ብዙዎቻችሁ ደግሞ እዚሁ አገር ቤት ሆናችሁ ታነቡኛላችሁ፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም ናችሁ። የውጭ ዜና ሳዘጋጅ ያረጀሁ ሰው ነኝና፣ «ሃይማኖት ተሰደበ» ተብሎ እሳት ሲነሳ መጀመሪያ የምጠይቀው ወሬውን ማን እንዳመጣውና ለምን ዛሬ እንዳመጣው ነው።

የዴንማርኩን ነገር ተመልከቱ። ዩላንስ ፖስተን የተባለው ጋዜጣ በነቢዩ ሙሐመድ ላይ 12 ካርቱኖች ያወጣው መስከረም 20 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው። ደማስቆ ያለው የዴንማርክ ኤምባሲ የተቃጠለው ጥር 27 ቀን። በመሐሉ 4 ወር አለፈ። ደሙ የፈላ ሰው 4 ወር ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

በጥቅምት የ11 አገሮች አምባሳደሮች ጠቅላይ ሚኒስትሩን አንደርስ ፎግ ራስሙሰንን እናነጋግርዎ ብለው ጻፉ። እሱም ፕሬሱ ነጻ ነው፣ ቅር ያለው ፍርድ ቤት ይሂድ ብሎ ሳያገኛቸው ቀረ። ጋዜጣውን መዝጋት አይችልም፤ ግን ቡና ጋብዞ ማዳመጥ ምን ይጎዳው ነበር? የባህሉ ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። የደማስቆ ሰው መንግሥት ያልወደደው ነገር በአገሩ ጋዜጣ ሲወጣ አይቶ ስለማያውቅ፣ የሰደበችው ዴንማርክ ራሷ መሰለችው። የኮፐንሃገኑ ደግሞ መንግሥት ባልጻፈው ነገር ለምን ይቅርታ እንደሚጠይቅ አልገባውም። አዲስ ዘመን እያነበብን ያደግን ሰዎች የደማስቆውን ሰው ግራ መጋባት ለመረዳት አንቸገርም።

ከዚያ ዶሴው መጣ። ጥቂት የዴንማርክ ኢማሞች 43 ገጽ ሰነድ ይዘው ወደ ግብፅና ሊባኖስ ሄዱ። ውስጡ ጋዜጣው ያላተማቸው ሥዕሎችም ነበሩ። አንዱ የላስቲክ የአሳማ አፍንጫና ጆሮ ያደረገ ጢማም ሰው ፎቶ ነው፤ ደብዝዞ፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ተባዝቷል። ሰውየው ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ በየዓመቱ በሚደረግ የአሳማ ድምፅ የማስመሰል ውድድር ላይ የቀረበ ተወዳዳሪ ነው። ከነቢዩም ከእስልምናም ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም።

ደማስቆ ላይ በዚያ ዘመን ያለ መንግሥት ይሁንታ ሰልፍ የሚወጣ አልነበረም፤ ስለዚህ ኤምባሲው ሲነድ ማን እንደፈቀደ መገመት አያቅትም። በማግስቱ ቤይሩት ላይም ተቃጠለ፤ ቤተ ክርስቲያንም በድንጋይ ተደበደበ። መሐል ገብተው ወጣቶቹን ሲለምኑ የነበሩ ሼኮች ግን በዜናው ብዙ ቦታ አላገኙም። ቤንጋዚ ላይ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ፤ ሟቾቹ ሊቢያውያን፣ የተኮሰባቸውም የገዛ አገራቸው ፖሊስ።

«ፈረንጅ ሃይማኖቱ ቢነካም ግድ የለው» የሚለውንም አትቀበሉ። በ1981 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ ስለ ክርስቶስ የተሠራ ፊልም የሚያሳይ ሲኒማ ቤት አክራሪ ካቶሊኮች አቃጥለው ሰው አቁስለዋል። ያው የዴንማርክ ጋዜጣም ካርቱኖቹን ከማውጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት ኢየሱስን የሚመለከቱ የቀልድ ሥዕሎች ቀርበውለት አንባቢ ይቆጣል ብሎ መልሷቸው ነበር። ሙስሊሙ ይህን ሲሰማ ቢቆጣ አልፈርድበትም።

እምነታችሁ ሲሰደብ አይክፋችሁ አልልም። ሳዑዲ ውስጥ የዴንማርክ አይብና ቅቤ ከሱቅ መደርደሪያ ሲወርድ አምራቹ ኩባንያ ክፉኛ ተጎዳ፤ አይብ አልገዛም ያለ ሰው ግን ማንንም አልገደለም። ተሰለፉ፣ ክሰሱ፣ አትግዙ፣ ጻፉ።

ዛሬ ዶሴ ተሸክሞ ካይሮ መሄድ ቀርቷል። ሰኔ 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ስቶክሆልም መስጊድ ፊት ለፊት ቁርኣን ሲቃጠል፣ በማግስቱ ባግዳድ የስዊድን ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ሰው ገብቷል፤ በሐምሌም ኤምባሲው ተቃጠለ። ስለዚህ ደም የሚያፈላ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ የት፣ መቼ፣ በማን እንደተቀረጸ ፈልጉ። የላከላችሁንም ሰው፣ የእምነት ወንድማችሁ ቢሆን እንኳ፣ ከየት አገኘኸው በሉት። መልስ ካጣ ለሌላ አታስተላልፉ።