እገዳው ተነስቷል፣ ኬላው ግን አያሳልፈኝም

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የምመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። በብድር ክርክር የተነሳ ደሴ ያለ ፍርድ ቤት ከአገር እንዳልወጣ አግዶኝ ነበር። ዕዳውን ከፍዬ እገዳው ተነሳ፤ የትእዛዙ ግልባጭ በእጄ ነው። ጋላፊ ድንበር ኬላ ስደርስ ግን «ሲስተም ላይ ስምህ አለ» ብለው ሁለት ጊዜ መለሱኝ። ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ስሄድ ደግሞ «በእጅ የመጣ ደብዳቤ አንቀበልም» አሉኝ። ወዴት ልሂድ?

መልስ፦ ወዳገደዎት ችሎት፣ በዚያው መዝገብ። አዲስ ክስ አይክፈቱ፤ ጊዜና ገንዘብ ከመጨረስ በቀር የሚፈይደው የለም።

አስቀድመው ግን በእጅዎ ያለውን ወረቀት ልብ ብለው ይዩት። ግልባጭ ለእርስዎ የተሰጠ ማስረጃ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው ደብዳቤ ሌላ ነው። ብዙ ባለጉዳይ ግልባጩን ይዞ ሲወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር «ደብዳቤው ወጪ ሆኗል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ከሆነ የወጪ ቁጥሩንና ቀኑን ይያዙ፤ ካልሆነ ታሽጎ በፍርድ ቤቱ በኩል እንዲላክ በጽሑፍ ያመልክቱ።

ደብዳቤው ላይ እገዳው የተጣለበት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ የፓስፖርትዎ ቁጥር፣ እስከ አያት ያለው ስምዎም በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይስፈር። ወሎ ውስጥ ስንት ሐሰን፣ ስንት መሐመድ አለ! ሐሰንን በላቲን ፊደል አንዱ ጸሐፊ በአንድ ‘ኤስ’፣ ሌላው በሁለት ‘ኤስ’ ከጻፈው፣ እገዳው የተነሳለት ስም ሌላ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረው ስም ሌላ ይሆናል። በሌላ መዝገብ የተጣለ እገዳ ካለም ይኸኛው ሲነሳ ያኛው ባለበት ይቆያል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ እምቢ ካሉ ግን ጥፋቱ የእርስዎ ወረቀት አይደለም። ከአገር የመውጣት ነጻነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 የተረጋገጠ መብት ነው፤ ሲስተሙን ማስተካከልም የመሥሪያ ቤቱ ሥራ እንጂ የሹፌር ዕዳ አይደለም። ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም ያስመቱ። መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ። የቃል እምቢታ ችሎት ፊት አይቆምምና፣ በጽሑፍ ካልሰጡዎት ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመስኮቱን ቁጥር ይመዝግቡ። ከዚያ ይህንኑ ከቃለ መሐላ ጋር አያይዘው፣ የሚመለከተው የሥራ ኃላፊ ቀርቦ ትእዛዙን ያልፈጸመበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ችሎቱን ይጠይቁ። «መሥሪያ ቤቱ ይጠየቅልኝ» ብቻ ካሉ የሚመጣው ነገረ ፈጅ ነው፤ የኃላፊውን የሥራ መደብ ይጥቀሱ።

እንባ ጠባቂ ተቋም አስተዳደራዊ በደልን ይመረምራል፤ በፍርድ ቤት በክርክር ላይ ያለ ጉዳይ ግን አያይም።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤቱ «ይግባኝ ብያለሁ» ካለስ?

መልስ፦ ይግባኝ በመባሉ ብቻ አፈጻጸም አይቆምም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 332 መሠረት ለማስቆም የፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ያስፈልጋል። «የእግዱን ትእዛዝ አሳዩኝ» ይበሏቸው፤ ካሳዩዎት የመዝገብ ቁጥሩንና ቀጠሮውን ይገልብጡ።