ከክሱ በፊት እግዱን ይመልከቱ

ጥያቄ፦ «ዳላስ ነዋሪ ነኝ። ቤቴ በሐራጅ ሊሸጥ ሲል ሞርጌጅ ካምፓኒውንና ወርሃዊ ክፍያ የሚሰበስበውን ድርጅት በስቴት ፍርድ ቤት ከስሼ ጊዜያዊ እግድ አገኘሁ። አሁን ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወስደውታል። ማስመለስ እችላለሁ?»

መልስ፦ ይቻል ይሆናል፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። እርስዎና ተከሳሾቹ የተለያየ ስቴት ከሆናችሁና የክርክሩ ግምት ከ75,000 ዶላር ከበለጠ ፌዴራል ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለው፤ «ሥልጣን የለውም» ብለው ማስመለስ አይችሉም። ክሱ በደረሳቸው በ30 ቀን ውስጥ አላዛወሩም የሚል ዓይነት የሥነ ሥርዓት ተቃውሞ ካለዎት ደግሞ፣ የማዛወሪያው ማስታወቂያ በገባ በ30 ቀን ውስጥ ካላቀረቡት ያልፍብዎታል።

እኔን ያስጨነቀኝ ያልጻፉልኝ ነገር ነው፤ እግዱ የሚያበቃው መቼ ነው? «ጉዳዩ ፍርድ ቤት እያለ ማን ይሸጠዋል?» ብለው ተቀምጠው ከሆነ፣ ሰው ቤቱን የሚያጣው እንዲህ እያለ ነው። ክስ መመሥረት ብቻውን ሐራጅ አያስቆምም፤ የሚያስቆመው ትእዛዙ ነው። የቴክሳስ ጊዜያዊ እግድ ዳኛ ካላራዘመው ከ14 ቀን አያልፍም። መዝገቡ ሲዛወር እግዱ አይሻርም፤ ዕድሜም አይጨመርለትም፤ ትእዛዙ ላይ በተጻፈው የማብቂያ ቀን ያበቃል። የተራዘመ ቢሆን እንኳ፣ የፌዴራሉ ዳኛ ካላደሰው ከተዛወረበት ዕለት ጀምሮ ከ14 ቀን በላይ አይቆይም። የስቴቱ ፍርድ ቤት እግዱን ለመስማት የያዘልዎ ቀጠሮም ቀርቷል፤ እዚያ ሄደው ቢቆሙ የሚሰማዎ ዳኛ የለም። አዲስ የእግድ አቤቱታ ከነማስረጃው ለፌዴራሉ ዳኛ መግባት አለበት።

እባክዎ ትእዛዙን አሁኑኑ ያውጡና የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ። ከዚያ ካላንደር ይዩ፦ በቴክሳስ የሞርጌጅ ሐራጅ የሚካሄደው በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ነው፣ ማስታወቂያውም ቢያንስ ከ21 ቀን በፊት ይወጣል። እግዱ ከዚያ ማክሰኞ አስቀድሞ የሚያበቃ ከሆነ፣ ጠበቃ ዘንድ የሚሄዱት ነገ ሳይሆን ዛሬ ነው።

ስንት ወር እንዳልከፈሉም ዘለውታል። ያስከፋዎታል እንጂ ይህን ከጠበቃዎ መሸሸግ ራስዎን መጉዳት ነው፤ ተከሳሾቹ የክፍያ ታሪክዎን ይዘው መቅረባቸው አይቀርም። «ክሱ ውድቅ ይደረግልን» የሚል ማመልከቻ ካስገቡ፣ በዳላሱ ፌዴራል ፍርድ ቤት መልስ የሚሰጡበት ጊዜ 21 ቀን ነው። በጥድፊያ የተጻፈ ክስ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና ማሻሻል ካለበት ጠበቃዎ ቶሎ ይየው።

የብድር ውሉን፣ የቤት መያዣ ሰነዱን፣ የክፍያ ደረሰኞችን፣ የውዝፍ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎችን ከነፖስታቸው (የፖስታ ቤቱ ማኅተም ቀን ያሳያል) ይሰብስቡ። የብድር ማስተካከያ ጠይቀው ከነበረ የላኩበትን ማረጋገጫ አይጣሉ፤ የተሟላው ማመልከቻ ለሐራጁ ከ37 ቀን በላይ ሲቀረው ደርሷቸው ከሆነ፣ ውሳኔ ሳይሰጡ መሸጥ በአብዛኛው አይፈቀድላቸውም። ጠበቃ ሲይዙም በዚያ ፌዴራል ፍርድ ቤት የመቆም ፈቃድ እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ።