የልጅዎን ኮምፒውተር ከግድግዳው ሶኬት ይጀምሩ

ጥያቄ፦ «ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። ለትምህርቱም ለጌምም የሚሆን ዴስክቶፕ ራሴ ልገጣጥም ብሎ ዝርዝር ሰጠኝ። ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ አንድ ባለ 16 ጊጋ ዲዲአር5 ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ለግራፊክስ ካርድ አሁን ገንዘቡ ስለማይበቃን ሌላ ጊዜ እንጨምራለን። ፓወር ሰፕላይ ከኬዙ ጋር አብሮ የሚመጣው ይበቃል ይላል። ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ስለሚመጣ ይዞልን ይምጣ? የምንኖረው አዲስ አበባ ነው፤ መብራት ይመላለስብናል።»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅዎን ያመስግኑልኝ። ራሱ አስቦ ዝርዝር የሚጽፍ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ግን ዝርዝሩ እንዳለ ከተገዛ ኮምፒውተሩ አይነሳም። ለወንድምዎ ከመላክዎ በፊት መጠየቅዎ በጣም ጥሩ ነው።

አንደኛው ችግር ራሙ ነው። ራይዘን 5 5600 የሚቀመጠው ኤኤም4 የሚባል ሶኬት ባለው ማዘርቦርድ ላይ ነው። ይህ ማዘርቦርድ የሚቀበለው ዲዲአር4 ብቻ ነው። ዲዲአር5 ከታች ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ስለሚለይ አይገባም። ልጅ ደግሞ ይቸኩላል። በጉልበት ከተጫነው ማስገቢያው ይሰበራል።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርዱ «ሌላ ጊዜ» ከሆነ እስከዚያ ድረስ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር «ተበላሸ» ተብሎ በተደጋጋሚ ይመጣልኛል። አልተበላሸም። ምስል የሚያወጣለት ዕቃ ስለሌለው ነው።

መፍትሔው አንዲት ፊደል ናት። 5600 ሳይሆን 5600ጂ ይግዙ። ጂ ያለው ውስጡ ግራፊክስ አለው። ልክ እንደ 5600 ስድስት ኮር ነው። ቫሎራንትንና ማይንክራፍትን ያለ ካርድ በደንብ ያጫውታል። ጂቲኤ 5ንና የእግር ኳስ ጌሞችን ሴቲንጉን ዝቅ አድርጎ ይጫወታቸዋል። ለወርድ፣ ለፓወርፖይንት፣ ለዙም፣ ኮዲንግ ለመማር ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። ካርድ ከተጨመረ በኋላ 5600 ከ5600ጂ ትንሽ ይፈጥናል፤ ውስጡ ያለው ካሽ የሚባል ፈጣን ሜሞሪ በእጥፍ ይበልጣል። ለካርዱ ገንዘብ ዛሬ በእጅዎ ቢኖር 5600ውን ይዘው ይቀጥሉ እል ነበር። በሁለት ዙር ለሚገዛ ሰው ግን 5600ጂ ይሻላል፤ ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይማርበታል፣ ይጫወትበታል።

ራሙ 16 ጊጋ መሆኑ ልክ ነው። ግን አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ይሁን፤ ፍጥነቱ 3200። 5600ጂ የራሱ የቪዲዮ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል። ሁለት ራም ሲሆን በሁለት መንገድ ይመላለሳል፣ አንድ ሲሆን በአንድ። ልዩነቱ ጌም ላይ በዓይን ይታያል፤ በአንዱ የሚንቀራፈፈው ጌም በሁለቱ ይፈታል። ከገጠሙት በኋላ ልጁ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ ወይም ዲኦሲፒ የሚለውን ያብራው። አለበለዚያ 3200 ተብሎ የተገዛው ብዙ ጊዜ በ2400 ወይም በ2666 ይሮጣል። የራም ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ በዓለም ገበያ ክፉኛ ስለጨመረ ወንድምዎ ሁለት ሦስት ሱቅ ቢጠይቅ ይሻላል።

ማዘርቦርዱን ቢ550 ያድርጉት። ቢ450 መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ብዙ የቆየ ከሆነ ባዮሱ 5600ጂን ላያውቀው ይችላል፤ ያኔም ስክሪኑ ጥቁር ነው። ቢ550ም ቢሆን ካርቶኑ ላይ ለራይዘን 5000 ዝግጁ ነው የሚል ስቲከር ይፈልጉበት። ኤስኤስዲውን ደግሞ ከ256 ወደ 1 ቴራ ከፍ ያድርጉ፤ ካልሆነ ቢያንስ 500። አንድ ትልቅ ጌም ብቻውን 100 ጊጋ ገደማ ይይዛል። ዊንዶውሱ ሲጨመርበት ልጁ ከሁለት ጌም በኋላ ይህን ላጥፋ ያንን ላጥፋ ሲል ይውላል። ሲያጠፋ የትምህርት ፋይሉም አብሮ ይሄዳል፤ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዝርዝሩ ውስጥ በጣም ያሳሰበችኝ የመጨረሻዋ መስመር ናት፤ «ከኬዙ ጋር አብሮ የሚመጣው ይበቃል» የምትለው። እኔ ኮምፒውተር ስገጣጥም ሐሳቤን የምጀምረው ከግድግዳው ሶኬት ነው። ከዚያ የሚመጣው 220 ቮልት ነው። ፕሮሰሰሩ የሚሠራው በአንድ ቮልት አካባቢ ነው። በመሃል ቆሞ ያን ሁሉ የሚያበርደው ፓወር ሰፕላዩ ነው። እሱ ሲሳሳት ብቻውን አይሞትም፤ ማዘርቦርዱንም ኤስኤስዲውንም ይዞ ይሄዳል።

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ጌም ሲከፍት የሚጠፋ ኮምፒውተር አመጣልኝ። ዊንዶውስ ሁለቴ ተጭኖበታል፣ ራም ተቀይሮለታል። ፓወር ሰፕላዩን ፈትቼ ሳነሳው ባዶ ካርቶን ያነሳሁ ያህል ቀለለኝ። ስቲከሩ 600 ዋት ይላል። እዚያው ስቲከር ላይ 12 ቮልት ከሚለው ሥር ግን 18 አምፔር ተጽፏል። 18ን በ12 ያባዙት፤ 216 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚጠቀሙት ደግሞ ከዚያችው መስመር ነው። ክዳኑን ስከፍተው የሚገባውን መብራት የሚያጣራው ጥቅል ሊቀመጥበት የሚገባው ቦታ ባዶ ነው። ቀዳዳዎቹ አሉ፤ የዕቃው ምልክት በነጭ ተጽፏል። በዕቃው ፋንታ ሁለት አጫጭር ሽቦ ተበይዷል። ልጁ ለካርዱ ብዙ ብር ከፍሏል፤ ያን ካርድ ያንጠለጠለው በእነዚያ ሁለት ሽቦዎች ላይ ነበር። (እናንተ ግን ፓወር ሰፕላይ አትክፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ስለሚቆዩ አደጋ አለው።)

ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ለብቻው ይገዛ። ስሙ የታወቀ፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ ምልክት ያለው፣ 550 ዋት። 5600ጂ ላይ በኋላ አርኤክስ 6600 የሚባል ግራፊክስ ካርድ ቢጨመር ካርዱ ራሱ 132 ዋት ነው የሚወስደው፤ ሁሉም ተደምሮ 300 ዋት አይሞላም። ስለዚህ 750 ግዙ የሚልዎት ካለ አይስሙት። ለዋቱ ቁጥር የሚጨምሩትን ብር ለጥራቱ ይጨምሩት።

መግቢያው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ይሁን። ይህን የሚያነቡ፣ ከአሜሪካ ዕቃ የሚመጣላቸውም ልብ ይበሉ። አንዳንዱ ርካሽ ወይም ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የምትል ቀይ ማብሪያ አለችው። በ115 ላይ እንዳለች እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ አንድ ጊዜ «ጧ» ይላል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ አለቀ።

መብራት ይመላለስብናል ላሉት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ ዕቃ) የግድ ነው። ዕቃ የሚጎዳው መብራቱ ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ሲመጣ ነው፤ ዘሎ ነው የሚመጣው። ስታብላይዘር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አይዝም። ውስጡ ማስተካከያም ባትሪም ያለው ዩፒኤስ ሁለቱንም ይሠራል። 650 ቪኤ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ 360 ዋት ገደማ ነው የሚችለው። ለአሁኑ ይበቃል፤ ካርዱ ሲጨመር ግን ከስክሪኑ ጋር ይጨናነቃል። የሚቻልዎ ከሆነ ከአሁኑ 1000 ቪኤ ይግዙ። ሥራው ልጁ ጌሙን እንዲጨርስ አይደለም፤ ፋይሉን ሴቭ አድርጎ በደንብ እንዲያጠፋ ነው። ዩፒኤሱ እስኪገዛ ድረስ መብራት ሲጠፋ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀል። መብራቱ መጥቶ ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ ይሰካ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮምፒውተሩ በርቶ የኬዙን ብረት ሲነኩ ነዘር ነዘር ካደረገዎ ሶኬቱ ኧርዝ የለውም ማለት ነው። ብዙ ቤቶቻችን ውስጥ ይህ አለ። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ያሳዩት። ከዱባይ የሚመጣው ገመድ ጫፉ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሚሆን እዚህ ሶኬት ላይ አይገባም። ገመዱ ከፓወር ሰፕላዩ ስለሚነቀል እዚሁ በሚገባ ገመድ ይቀይሩት። ኧርዝ የሌላትን ትንሿን የሶኬት መቀየሪያ (አዳፕተር) ግን አይጠቀሙ።

ወንድምዎ ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውንና ፓወር ሰፕላዩን ይዞ ይምጣ። ኬዙ ቦታ ስለሚፈጅ፣ ዩፒኤሱ ስለሚከብድ እዚህ ይግዙ። ቡር ዱባይ፣ ኻሊድ ቢን አል ዋሊድ መንገድ ላይ የኮምፒውተር ሱቆቹ ተደርድረው ነው ያሉት። ከከፈለ በኋላ ዕቃውን ካርቶን እንደያዘ አይውጣ። ጠረጴዛ ላይ ገጥመው ያብሩልኝ ይበል። 5600ጂ ካርድ ስለማይፈልግ ምስሉ እዚያው ይመጣል። ባዮሱ ላይ የፕሮሰሰሩን ስም፣ 16 ጊጋውን፣ ኤስኤስዲውን በዓይኑ ይይ። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ አልሠራም ቢል መልሶ የሚቀይርልን የለም። ሲፈቱት ማቀዝቀዣውን ወደ ላይ አይሳቡት። መጀመሪያ ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ያዙሩት። ኤኤም4 ፕሮሰሰር እግሮቹ ከራሱ ሥር ናቸው፤ በመሃል ያለው ማጣበቂያ (ተርማል ፔስት) ይዞት ከተመዘዘ ይጣመማሉ። አዲስ ተርማል ፔስት አንድ ቱቦ መግዛትም አይርሳ፤ ተፈትቶ ሲመለስ አሮጌው አይሆንም።

ዊንዶውስ 11 ይጫንበት። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። 5600ጂ ለ11 ብቁ ነው። ቫሎራንት በ11 ላይ ቲፒኤምና ሴኪዩር ቡት የሚባሉ የደህንነት ሴቲንጎችን ስለሚጠይቅ ልጁ ሁለቱን ባዮስ ውስጥ ያብራቸው። የአማርኛ ኪቦርድ ዊንዶውሱ ውስጥ ስላለ ከቋንቋ ሴቲንጉ ይጨመራል።

ኬዙ ከፊት አየር የሚያስገባ ወንፊት ያለው ይሁን፤ ፊቱ በመስታወት የታፈነውን ይተዉት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየራችን ስስ ስለሆነ ፋን ሙቀት የሚያወጣው ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ያነሰ ነው። ወለል ላይም አይቀመጥ፤ አቧራውን ሁሉ ይምገዋል።

ካርዱን የምትገዙ ጊዜ ከመጣ አዲስም ይሁን ስላሽ፣ ሱቅ ላይ ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍታችሁ እዩ። ስሙ ተቀይሮ የሚሸጥ አሮጌ ካርድ ብዙ ጊዜ እሷ ላይ ይጋለጣል። ከተገጠመ በኋላ የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅላችሁ ካርዱ ላይ ሰኩት። ይህን ረስተው «ካርዱ ምንም አልጨመረም» ብለው የመጡ አሉ።

ለአሁኑ ወንድምዎ ሱቅ ቆሞ የፓወር ሰፕላዩን ስቲከር ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። 12 ቮልት ከሚለው ሥር 40 አምፔርና ከዚያ በላይ ካለ ይግዛው። 20 ወይም 25 ካለ፣ በትልቁ የተጻፈው ዋት ምንም ይሁን ምን፣ መልሶ ያስቀምጠው።